የወንድሜን ቫዮሊን ሸጬ ቫዮሊን ስማር

ሰባ ዓመቴን ልደፍን ጥቂት ሲቀረኝ ቫዮሊን መማር ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜ የሚጀመረው በምርኩዝ መሄድ፣ የስኳር ክኒን በሰዓቱ መዋጥና የልጅ ልጆችን ስም ማምታታት ነው። እኔ ሦስቱንም ከጀመርኩ ስለቆየሁ አራተኛ ጨመርኩ። አስተማሪዬ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ያስተማረኝ ወዶኝ እንዳይመስላችሁ፤ ሊቀጣኝ ነው። ቅጣቱ እንደሚገባኝ እኔም አልክድም።

የአዋሽ ልጆች ነን። አባታችን ከወሎ መጥቶ በባቡር ሐዲድ ሥራ የተቀጠረ ሰው ነበር። ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱ ዕድሜው የገፋ አርመን ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ጣቢያው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቫዮሊን ይጫወታል። እኛ ልጆቹ ትንሽ ሰምተን ወደ ኳሳችን ስንሮጥ ወንድሜ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። አርመኑም ይህን አይቶ ማስተማር ጀመረው፤ ጡረታ ወጥቶ ከአገር ሲሄድ ደግሞ ቫዮሊኑን ለእሱ ትቶለት ሄደ። ወንድሜ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በዚያ ቫዮሊን የባቡሩን ጥሩምባ ያስመስላል፣ የአህያ ጩኸት ያስመስላል፣ አባታችን ሲቆጣ ያስመስላል። አባታችን ሙዚቃ ቤቱ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ወንድሜ ሲጫወት ግን ተስቢህ መቁጠሪያውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል እንጂ በርታ አይለውም፣ ተው አይለውም። አንድ የሚያውቀን አስተማሪ አዲስ አበባ ወስዶ ሙዚቃ ሊያስተምረው ቃል ገብቶለት ነበር። ከእሱ የሚጠበቀው የራሱን መሣሪያ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከእኔ የሚጠበቀው መንጃ ፈቃድ ነው፤ ማውጫ ገንዘብ ግን አልነበረኝም። ወንድሜ ትምህርት ቤት በሄደበት ቫዮሊኑን በጋቢ ጠቅልዬ ባቡር ላይ ወጣሁ፤ ድሬዳዋ ወርጄ ለአንድ ሰው ሸጥኩት። ገዢው መጫወት ይችል እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ስመለስ ለወንድሜ፣ በመጀመሪያ ደመወዜ አዲስ እገዛልሃለሁ አልኩት። ያ የመጀመሪያ ደመወዝ ኪሴ ከገባ አርባ ሰባት ዓመት ሆነው።

ወንድሜ አዲስ አበባ አልሄደም። አድጎ እዚያው አዋሽ ሱቅ ከፈተ፤ ሽርጥ፣ የላስቲክ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ ይሸጣል። ከዚያን ቀን ወዲህ ቫዮሊን በእጁ አልነካም፣ እኔንም አላነጋገረም። በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ እየጎተትኩ ስመላለስ መኪናዬን ከሱቁ ፊት ለፊት አቁሜ እገባለሁ። አሰላሙ ዓለይኩም ስለው ወዓለይኩም ሰላም ይለኛል፤ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና። ከዚያ ያለፈው ግዴታ ስላልሆነ ዝም ይላል። የአባታችንን ጀናዛ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ተሸክመናል፤ ያን ቀን እንኳ ከሰላምታ አላለፈም።

ጡረታ ስወጣ ሰመራ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከምትሠራው ልጄ ዘንድ ገባሁ። መኪና የሌለው ሾፌር ሥራው ማሰብ ነው፤ እኔ ደግሞ ማሰብ ልምዱ የለኝም። ልጄ ቢሮ ስትሄድ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ተዘርግቼ የማስበው ያንን በጋቢ የጠቀለልኩትን ነገር ብቻ ሆነ። ወንድሜን አንድ ጊዜ ሲጫወት ሰምቼ ልሙት አልኩ። ምኞቴ ይኸው ነው፤ ሌላ አልነበረኝም። ልጄን ጨቅጭቄ ከአዲስ አበባ ቫዮሊን አስመጣሁና በአንድ የማውቀው ሾፌር ጋቢና ተጭኜ አዋሽ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ የወንድሜ ሚስት ናት። እሷ ከእኔ ጋር ጠብ የላትም፤ ጋሼ እያለች አስገብታ አስቀመጠችኝ። ወንድሜ መጣ፣ ሰላምታዬን መለሰ፣ ሳጥኑን በጣቱ ጫፍ ከፍቶ ተመለከተ፣ መልሶ ዘጋው።

"ይኼ የኔ አይደለም" አለ።

ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ ከሰላምታ ሌላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። ምትክ ይሆንሃል ብዬ ነው ያመጣሁት አልኩት። የምለማመጥበትን ድምፅ ብትሰሙት ኬላ ላይ የተያዘ ኮንትሮባንዲስት ትሉኝ ነበር።

"ምትክ አልፈልግም። አንተው ተማርበት። የሸጥከው ምን እንደነበረ እወቀው።"

ማን ያስተምረኛል አልኩት።

"እኔ ነኛ። አንተን ሌላ ማን ይችልሃል?"

በዚህ ተስማማን። በየሁለት ሳምንቱ ከሰመራ ወይ ከሎጊያ የሚነሳ የጭነት መኪና እየለመንኩ አዋሽ እሄዳለሁ፤ ሁለት ቀን እቀመጣለሁ፤ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ እማራለሁ። ወንድሜ ቫዮሊኑን አይነካም። ከፍራሹ ጥግ ትራስ ተደግፎ በአፉ ብቻ ያስተምረኛል። ስሜን ትቶ ሾፌር ይለኛል። ሾፌር፣ አገጭህ ሥር ነው የሚገባው እንጂ ብብትህ ሥር አይደለም። ሾፌር፣ አንገቱን ቀስ አድርገህ ያዝ፣ ማርሽ ልትቀይርበት ነው እንዴ። ሾፌር፣ ሆድህን ሰብስብ፣ ቫዮሊኑ መቀመጫ አግኝቻለሁ ብሎ ይተኛብሃል። እኔም ለአርባ ዓመት መሪ የጨበጠ እጅ፣ ጅማት ላይ ጣት ማሳረፍ የት ይሆንለታል እያልኩ እስቃለሁ። እሱ አይስቅም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች ከቫዮሊኑ ምንም ድምፅ አልወጣም። ቀስቱን በጅማቶቹ ላይ እጎትታለሁ፤ የሚሰማው የእኔ ትንፋሽ ነው። ወንድሜ ግፋ ይላል፤ እገፋለሁ። ሳብ ይላል፤ እስባለሁ። ላብ በአከርካሪዬ ይወርዳል። እንዲህ አንድ ሰዓት ከገፋንና ከሳብን በኋላ ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ጀመራችሁ እንዴ፣ ጋሼ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኛ መጨረሳችን ነበር።

ጥፋቱ የእጄ ነው ብዬ አመንኩ። ሰመራ ተመልሼም ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ትንፋሼን ስለማመድ ቆየሁ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ስልክ ደወልኩለት። ድምፅ እኮ የለውም አልኩት።

"ሙጫ ቀባው" አለና ዘጋው።

እንግዲህ ሙጫ ለሾፌር አንድ ነው። የጎማ ሙጫ፣ ማስቲሽ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ከመነዳሪ፣ ስንት የውስጥ ጎማ በእጄ ለጥፌ አልፌያለሁ፤ ሙጫ ሲባል ሌላ ነገር እንዳለ በሕልሜም አልመጣልኝም። ባጃጅ ይዤ ዋናው መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ለምኑ ነው አለኝ። ለቫዮሊን አልኩት። ቫዮሊን የሚባል መኪና ገባ እንዴ፣ ስንት ጎማ ነው አለኝ። ቆርቆሮው ውስጥ የተረፈውን ሰጠኝ።

ሥራዬን በሥርዓቱ ሠራሁ፤ ሙያ ነዋ። ከመነዳሪ ሲለጠፍ መጀመሪያ እንዲይዝ ይፋቃል፤ ስለዚህ የቀስቱን ፀጉር በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፈቅ አደረግኩት። ከዚያ ማስቲሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ቀባሁ። እፍ እፍ ብዬ እስኪጠወልግ ጠበቅኩ። ከዚያ ቀስቱን ጅማቶቹ ላይ አስቀምጬ፣ ልጥፍ እንደሚጫነው ጫን አደረግኩት። ጥሩ ልጥፍ ነበር። እኔ ከለጠፍኳቸው ሁሉ አንደኛ ሳይሆን አይቀርም።

ልጄ ለምሳ ስትመጣ ቫዮሊኑን በአንድ እጄ ቀስቱን በሌላው ይዤ፣ ሁለቱን ለማላቀቅ በጉልበቴ እየታገልኩ አገኘችኝ።

"አባ፣ ልቀቀው" አለች።

እኔ ለቅቄዋለሁ፣ እሱ ነው ያልለቀቀኝ አልኳት። ጣቶቼ ቀስቱ ላይ ተጣብቀው ነበር።

ማስቲሽ የሚለቀው በቤንዚን እንደሆነ አውቃለሁና በቤንዚን አላቀቅኩት። ቤንዚኑ ማስቲሹን ብቻ ሳይሆን የቫዮሊኑንም ቀለም ይዞት ሄደ። ፊት ለፊቱ ላሽ የያዘው ራስ መሰለ። የቀስቱ ፀጉር እንደ ቀበቶ ተጣብቆ ደርቋል። እንዲህ እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ አስተኝቼ፣ ጊዜዬ ሳይደርስ አዋሽ ሄድኩ። መደበቅ አልፈለግኩም፤ ደብቄ የት አባቴ አደርሰዋለሁ።

ወንድሜ ሳጥኑን ከፈተ። አሸተተው። የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫው ሲገባ ፊቱ ተሸበሸበ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምን ቀባኸው አለኝ። ማስቲሽ አልኩት። ሳቀ። ትራሱ ላይ ወድቆ፣ እያሳለው፣ እንባው በጢሙ እየወረደ ሳቀ። ሚስቱ ሮጣ መጥታ በር ላይ ቆመች፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሳቀ አለች። እኔም ከማን አንሼ ሳቅኩ። ከልጅነታችን ወዲህ አሳቅኩት ብዬ ኩራት ተሰማኝ፤ ቫዮሊኑ እንኳን ተላጠ አልኩ በልቤ።

ድንገት አቆመ። እንባውን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ።

"ሙጫ ቀባ አልኩህ። የምን ሙጫ ብለህ ጠየቅከኝ?"

አልጠየቅኩም አልኩ።

"ያኔስ ጠይቀኸኝ ነበር?"

የሳጥኑን ክዳን ዘጋሁት።

"ብትጠይቀኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር" አለ። "ወንድሜ አይደለህ? እሰጥህ ነበር።"

ዝምታውንም ስድቡንም ተሸክሜ ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን የት ላስቀምጠው? ለአርባ ሰባት ዓመት ሌባ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው፤ ሌባነትንም ለምጄው ነበር። ለካስ የማይከለክለኝን ሰው ነው የሰረቅኩት።  እሱ ግን ወደ ትምህርቱ ተመልሶ፣ ሳጥኑ ውስጥ የነበረችው ቢጫ ድንጋይ የት ደረሰች አለኝ። ለካ እሷ ናት የቀስቱ ሙጫ፤ የዛፍ ሙጫ ናት፣ ፀጉሩ ላይ የምትታሽ። የማሲንቆ ሰዎች እንኳ የሚያውቋት ነገር ናት አለ። እኔ የብል መድኃኒት መስላኝ ከሱፍ ኮቴ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫት ነበር። በሰመራ ሙቀት ሱፍ ኮት ለብል ሳይቀር ከባድ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን አቆይቼ ሳልነግረው ቀረሁ።

ልጄ እያጉረመረመች አዲስ ቀስት አስመጣችልኝ። ቢጫዋን ድንጋይ አሸሁበት። ድምፅ መጣ፤ ምነው በቀረ። ሸራው ያለቀ ፍሬን በተራራ ቁልቁለት ሲፋቅ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ልጄ፣ አባ፣ እኔ ቢሮ ከገባሁ በኋላ ይሁን ብላ ትእዛዝ አወጣች። ከአጥሩ ወዲያ ፍየል የሚያረቡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ጎረቤት አሉን፤ ሦስት ቀን ታግሰው በአራተኛው መጡ። የታመመው ምን ከብት ነው ብለው ጠየቁኝ። ቫዮሊኑን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣ ካመመውስ እረደው፣ ለምን ታሠቃየዋለህ አሉኝ። ለወንድሜ ይህን ስነግረው አልሳቀም። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው ብቻ አለ።

እንዲህ እያልን ዓመት አለፈ። አንዲት አጭር ዜማ፣ ልጅ እያለን እናታችን ታንጎራጉራት የነበረችውን፣ እየሰበርኩ እየጠገንኩ እስከ ግማሽ ደረስኩ። ወንድሜ ጆሮው አንዲት ስህተት አታመልጠውም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሁለተኛዋ ጣትህ ወርዳለች፣ ከፍ አድርጋት፣ አሁን በዛች፣ መልሳት ይለኛል። እንዳለው ሳደርገው ለአንድ አፍታ እውነተኛ ድምፅ ይወጣል፤ ወዲያው ይጠፋል። ያቺን አፍታ በሰማሁ ቁጥር ይህ ሁሉ እሱ ውስጥ ተቀምጧል እላለሁ፤ ሳይነካ፣ ሳይጎድል። አንድ ቀን እጁን ዘርግቶ ከእጄ ይነጥቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሆን ብዬ እያጠፋሁም ሞከርኩት። አልነጠቀኝም።

ያኔ ነው የሙጫው ቀን ያለኝ ትዝ ያለኝ። ጠይቄው አላውቅማ። ዓመቱን ሙሉ በተንኮል ላስነሳው ስሞክር አንድ ቀን አፌን ከፍቼ አልጠየቅኩትም። በሚቀጥለው ጉዞ ጋቢና ውስጥ ሆኜ መንገድ ላይ ካለችው ከአዳይቱ ጀምሮ አነጋገሩን ስለማመድ ሄድኩ። ልጅ እግሩ ሾፌር በመስታወቱ እያየኝ፣ አባባ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት አለኝ። ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቀው ነው አልኩት። ስንት ኪሎ ሜትር ሙሉ የሚጠየቀው ምን ቢሆን ነው አለና ሬዲዮውን ዘጋልኝ።

ከዐስር በኋላ እንደ ወትሮው ተቀመጥን። ቫዮሊኑን ከሳጥኑ አውጥቼ አገጬ ሥር አላስገባሁትም። ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ አልኩት። ጠይቅ አለኝ።

"አንድ ጊዜ ተጫወትልኝ" አልኩ። "እምቢ ማለት ትችላለህ። ግን እየጠየቅኩህ ነው።"

 ሚስቱ የምታጥበውን ሰሃን እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆመች። ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ቀን ሲጫወት ሰምታው አታውቅም። ወንድሜ ተነሣ፤ ወጥቶ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ መጣ። ቫዮሊኑን ከጭኔ ላይ አነሣው። አያያዙን ባያችሁ። የተላጠው ቫዮሊን እንኳ ቀና አለ። ጅማቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ መታ መታ እያደረገ አጠበቀ፣ አላላ፤ አራቱም ልክ ገቡ። አገጩ ሥር አስገባው። የአሥራ አምስት ዓመቱን ልጅ አየሁት።

ቀስቱን ሳበ።

የእኔ ድምፅ ወጣ። ያው ፍሬን፣ ያው ፍቅፍቅታ። የእናታችንን ዜማ ነበር የጀመረው፤ እኔ የምስተውን ቦታ እሱም ሳተው፣ እኔ የምወድቅበት ላይ ወደቀ። እኔም ሳቅኩ። ባቡሩን የሚያስመስል፣ አህያውን የሚያስመስል ልጅ አይደል፤ አሁን ደግሞ እኔን አስመሰለኝ አልኩ። ጭኔን በጥፊ መታሁ። "ወላሂ፣ ቁርጥ እኔን!" አልኩት። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና እዚያው ላይ ተሰበረ። እኔ እየባሰብኝ ሳቅኩ። ሚስቱም እንድትስቅ ዘወር ብዬ አየኋት። አልሳቀችም። የምታየው የግራ እጁን ነበር። እኔም አየሁት። ጣቶቹ ደንዝዘው ተጋድመዋል፤ ትንሿ ጣት ከሰውነቱ ተለይታ ትንቀጠቀጣለች። እሱ ደግሞ፣ የተወለደበት ቤት የነበረበት ቦታ ሄዶ መንገድ ተሠርቶበት እንዳገኘ ሰው፣ ጣቶቹን ትኩር ብሎ ያያል።

"አንተን እያስመሰልኩ አይደለም" አለኝ። "ይኸው ነው የቀረው።"

ሳቄ አፌ ላይ እንደነበረ ቀረ። ለመሰብሰብ ብሞክር አልሰበሰብ አለኝ፤ ጥርሴም ሰው ሠራሽ ስለሆነ ብቻውን ይስቃል።

"ሳቅህን ጨርስና ተቀበለኝ" አለ።

ተቀበልኩት። የመግሪብ አዛን ተሰማ። ወጥቶ ሄደ፤ እኔም ተከትዬው ሄጄ በአንድ ረድፍ አጠገቡ ቆሜ ሰገድኩ። ምን እንዳልኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

ይህን ሁሉ ዓመት ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቢያነሣው እንደሚችል እያመነ ኖሯል። አላነሣውም እንጂ እችላለሁ ብሎ ነው በእኔ የተቀየመው፤ ቂሙም የቆመው በዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ሳልጠይቅ ቫዮሊኑን ወሰድኩበት፤ ቀጥሎ ጠይቄ የቀረውን ወሰድኩበት። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ሳቅኩበት።

ከዚያ ወዲህም አዋሽ እሄዳለሁ። ወንድሜ አይሰድበኝም። ሾፌር ማለቱን ትቶ በስሜ ይጠራኛል። ትራሱን ተደግፎ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ያዳምጠኛል፤ ጣቴ ትውረድ፣ ትውጣ፣ አንድ ቃል አይናገርም። ባለፈው የዜማዋን አጋማሽ ያለ ርኅራኄ ሰባብሬ አበላሸሁት፤ ልጄ ብትሰማኝ ኖሮ ከቤት ታባርረኝ ነበር። ስጨርስ ቀና ብዬ፣ ሾፌር ብሎ እስኪሰድበኝ ጠበቅኩት።

"ጥሩ ነው" አለኝ።